የማርያም መጋረጃና የአጎቴ ፍሪጅ

ደባርቅ ላይ ፍሪጅ ያስፈልጋል ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙም ሰሚ አያገኝም። ማታ ማታ ጋቢ ለብሰን፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርበን በምንቀመጥበት ከተማ፣ መስኮት ላይ ያደረ ውኃ ጠዋት ጥርስ በሚያደነዝዝበት ቤት፣ ምግብ ለማቀዝቀዝ መብራት ማብራት ለብዙው ሰው ቀልድ ነው። የአጎቴ ሚስትም እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ፍሪጁ እየጠቆመች፣ «ይሄ ሰውዬ የውጭ ብርድ አልበቃው ብሎ የውጭ አገር ብርድ አስመጣ» ትል ነበር።

ፍሪጁ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ፍሪጅ ጥግ ይዞ የሚቆም ነጭ ሣጥን አልነበረም። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነው። ከወለሉ ተነሥቶ ጣሪያው ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። በሮቹ የቤቱ ቁም ሳጥን በተሠራበት ጣውላ ተለብጠዋል። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ለብዙ ዓመት ቱሪስት ሲመራ ኖሮ በኋላ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ ሎጅ የዕቃ ግዢ ኃላፊ ሆነ። የሎጁ ባለቤት ለወጥ ቤታቸው እንዲህ ያሉ ሦስት ፍሪጆች ከውጭ አስመጥተው ነበር። የወጥ ቤቱ ፕላን ሲጠብ አንዱ ከነማሸጊያው ተረፈ፤ አጎቴ ያኔ ቤት እየሠራ ስለነበር ለምረቃው ሰጡት። ግንበኛው በሳሎኑ ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ቦታ ተወለት፣ አናጺው በር ሠራለት። አንድ ጊዜ ለለቅሶ የመጣ ዘመድ ኮቱን ሊሰቅል በሩን ከፍቶ፣ «ኧረ የእናንተስ ቁም ሳጥን ውርጭ አለበት!» ቢል ሐዘንተኛው ሁሉ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ።

እኔ ወደዚያ ቤት የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ዳባት ወላጆቼ ቤት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ደባርቅ ሎጆችና ሆቴሎች ስላሉ ይሻላል ተባለ። ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። የምህንድስና ዲግሪዬን ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ ቀጥሎ ፊቴን ያያል፤ ቀጥሎ ድምፄን ለመስማት ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ በኋላ «እንደውላለን» ይላል። ዝምተኛ ነኝ። ሰው ፊት ስናገር ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ድምፄ ይጠፋብኛል። ይህን የሚያውቀው አጎቴ በእኔ ቦታ እሱ ይናገርልኛል።

ያን ዓመት ለሎጁ ባለቤት ተናግሮልኝ ነበር። ሰውየው ጄኔሬተሩን፣ የውኃ ማሞቂያዎቹንና የወጥ ቤቱን ዕቃዎች የሚከታተል ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋሉ። አጎቴ፣ «የእህቴ ልጅ አለችልዎ፤ እርስዎ የሰጡኝን ፍሪጅ እስከ ዛሬ በእጇ ይዛ ያቆየችው እሷ ናት፤ በፋሲካ ሳምንት ቤቴ መጥተው ይዩ» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ስለዚህ ሥራ ማግኘቴም አለማግኘቴም ያ ቁም ሳጥን መሳይ ነገር በፋሲካ ቀዝቅዞ በመገኘቱ ላይ ተንጠለጠለ።

ደብረ ዘይት ባለፈ በሳምንቱ ፍሪጁ መጮህ ጀመረ።

ጩኸቱ ቀጭን ነው፤ የጫጩት ድምፅ ይመስላል። ከውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጾም ስለሆነ ውስጡ የነበረው ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና የአጎቴ ሚስት ያስቀመጠችው የተልባ ብጥብጥ ብቻ ነው። እጄን ሳስገባ የቀዘቀዘ ነገር የለም። የሳሎኑ አየር ይበልጥ ይበርዳል።

«ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለች የአጎቴ ሚስት። ከፍሪጁ አጠገብ ዝቅተኛ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሁልጊዜም የምትፈትለው እዚያ ነው፤ ለብቻዋ የምትጸልየውም እዚያው ነው።

«ሞቆታል፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ? እንግዲያ እሱን ልልበሰው።»

በሚቀጥሉት ቀናት የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የበሩን ጎማ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ጠረግኩ፤ ወረቀት ቆንጥጬ በሩን እየዘጋሁ ጎማው ወረቀቱን ይይዝ እንደሆነ ዙሪያውን ፈተሽኩ። ይይዛል። መብራታችን ከፍ ዝቅ ስለሚል ኃይል ማረጋጊያውን ከፍቼ ለካሁ። ደህና ነው። ከበስተ ኋላ የቀለጠው ውኃ የሚወርድበትን ቀዳዳ በሽቦ አጸዳሁ። የውስጡ ማራገቢያ ይዞራል። የፍሪጁን መመሪያ ስልኬ ላይ አውርጄ አነበብኩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ፍሪጅ እንደ ተራው ሙቀቱን በጀርባው አያስወጣም፤ ጀርባው ግድግዳ ነው። ሞተሩም ሙቀት ማስወጫ ቱቦዎቹም ከላይ፣ ከበሮቹ በላይ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ናቸው። በዚያ ፍርግርግ አየር ይስባል፤ በዚያው ይተነፍሳል። ፍርግርጉ ከተዘጋ ሞተሩ ሌት ተቀን ቢሠራም የሚያወጣው ሙቀት ተመልሶ ይውጠዋል።

በፍርግርጉ ፊት የእመቤታችን ስዕል ነበረ።

ልጇን የታቀፈችው ትልቁ ስዕል ነው፤ ከፊቱ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ተሰቅሎለታል። የአጎቴ ሚስት ቤቱ ሲመረቅ ስዕሉን የት እንደምታደርገው ስታስብ፣ ምሥራቅ መሆን አለበት፣ ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ የወጥ ጭስ የማይደርስበት መሆን አለበት። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ያለው ፍሪጁና የአጎቴ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ከቴሌቪዥን በላይ ማርያምን መስቀል አልሆነላትም። ከፍሪጁ በላይ ያለው ፍርግርግ ደግሞ የቤተ መቅደስ መስኮት ይመስላል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሰላት። መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ፍርግርጉን ሸፍኖ እንዳይገለጥ ከሥሩ በትናንሽ ምስማር ተመታ። የሚገለጠው ለጸሎት መሐሉ ብቻ ነው። የነፍስ አባቷ መጥተው ባርከውታል።

እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ፊቱ ቆሜ ተሳልሜያለሁ። መተንፈሻውን የዘጋው መጋረጃ ይህ መሆኑ አንድም ቀን አልታየኝም።

ማውረድ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ስዕሉን ማንም በፈለገው ቀን አይነካውም፤ ሴት ልጅ ደግሞ የማትነካበት ቀን አለ። የአጎቴ ሚስት ይህን በጥብቅ ትጠብቃለች። ከዚያም በላይ «እመቤታችን ናት ፍሪጁን ያበላሸችው» ብሎ የሚጀምር ንግግር በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር። በሐሳቤ ደግሜ ደጋግሜ ተለማመድኩ። «እትዬ፣ ከላይ በኩል ትንሽ አቧራ…» ብዬ እጀምርና በርጩማዋ ላይ ሆና ቀና ስትል እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ቁርጥ አድርጌ፣ «እትዬ፣ መጋረጃው አልቆሸሸም? ብናጥበውስ?» አልኳት።

«ለፋሲካ አዲስ አስሰፍቼለታለሁ» አለች በደስታ። «ከዚህ ወፈር ያለ ነው።»

ክፍሌ ገብቼ ትራሱን ነከስኩት።

ከአጎቴ ጋር የባሰ ነበር። «ጋሼ፣ ፍሪጁ አየር አጥቷል» አልኩት፣ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ እያየ። «በሩን ክፈችለት» አለኝ ዓይኑን ሳያነሣ። በማግሥቱ ሲጮህ ሰማና ተናደደ። «አንቺ መሐንዲስ አይደለሽም? ሰውየው ፋሲካ ላይ ይመጣሉ፤ ምን ብዬ ነው የማሳያቸው?» መልስ እያለኝ የበሩን ጎማ መጥረግ ያዝኩ። ዝምታዬን ሲያይ አለማወቅ መሰለው። ስልኩን አንሥቶ ጎንደር ደወለ።

ከጎንደር የመጣው የፍሪጅ ቴክኒሻን ፈጣን፣ ቀልደኛና በራሱ የሚተማመን ወጣት ነበር። የደረሰው ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሲጭን ተሳፋሪውን አቁሞ ስለቆየ እየተበሳጨ ገባ፤ ሻይ ጠጣና ተረጋጋ። በሩን ከፈተ፣ እጁን አስገባ፣ ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። ከዚያም ወደ አጎቴ ዞሮ፣ «ጋዝ ጨርሷል፣ ጋሽዬ» አለ።

ምንም አልለካም። ግፊት አልለካም፣ ሙቀት አልለካም። የደባርቅም የጎንደርም ፍሪጅ ሁሉ በሽታው ጋዝ ነው፤ የሰው ሁሉ በሽታ ጨጓራ እንደሆነው።

«ጋዙ… ጋዙ የታሸገ ነው» አልኩ። «ካልፈሰሰ አይጨርስም።»

ሰማኝ። «እህቴ፣ ይሄን መብራት ያዢልኝማ» ብሎ ባትሪውን እጄ ላይ አኖረው።

ያዝኩለት። አሁን ሳስበው እጄ ይቃጠላል። ተመርቄ፣ መመሪያውን አንብቤ፣ በሽታውን አውቄ፣ ባትሪ ይዤ ቆምኩለት።

የታችኛውን ክዳን ፈታ፤ እዚያ ጋዙ የሚያልፍበት ቱቦ አለ፤ የቱቦ መቁረጫውን አወጣ። ያን ቱቦ ከቆረጠው የታሸገው ጋዝ ይወጣል፤ ለዚያ ፍሪጅ የሚሆን ጋዝ ደግሞ በቦርሳው ውስጥ እንደሌለ አይቻለሁ፤ በያዘው የጋዝ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ሌላ ዓይነት ነው። ያ ፍሪጅ ዳግመኛ አይቀዘቅዝም ነበር። መቁረጫውን ቱቦው ላይ ሲያስገባው የፋሲካው እንግዳ፣ የአጎቴ ፊት፣ የዳባቱ ቤታችን ደጅ ላይ የተቀመጠችው እናቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

«አይቆረጥም!» አልኩ።

የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። የአጎቴ ሚስት እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ቴክኒሻኑ ተንበርክኮ እንዳለ ቀና አለ።

«ምን ሆነሻል?» አለ አጎቴ።

«ጋዙ ደህና ነው። ጋሼ፣ አታስቆርጠው። የታፈነው ከላይ ነው። መተንፈሻው ተሸፍኗል።»

«በምን?»

ቀና ብዬ አየሁ። ሁሉም ዓይኔን ተከትለው ቀና አሉ። ቀዩ ከፋይ በስዕሉ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ፍርግርጉ ላይ ተለጥፎ ነበር። ማራገቢያው አየር ሲስብ ጨርቁን ይስበዋል። ለወራት እንደዚያ ተስቦ ሲታይ ነፋስ መስሎን ነበር።

 የአጎቴ ሚስት አማተበች። «እመቤቴን ነው የምትዪው?» አለች ቀስ ብላ።

«መጋረጃውን ነው፣ እትዬ። ፍርግርጉን ስለሸፈነው…»

«እመቤቴን አውርዱ ነው የምትዪው።»

ቴክኒሻኑ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። «እኔ በዚህ አልገባም» አለና መቁረጫውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ለዚያች ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አጎቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ በማን ላይ እንደሚቆጣ ግን ግራ ገባው። «በይ እንግዲህ አውርጂው» አለኝ።

«ማን ነክቶ!» አለች ሚስቱ ተነሥታ። «የባረኩት አባ ናቸው፣ የሚያወርዱትም አባ ናቸው። ማርያም ዕቃ ናት እንዴ?»

«እንግዲያ ይጠሩ።»

«ነገ ካልመጡ ደግሞ ከሆሳዕና በኋላ እንኳን ሊባርኩ መስቀልም አያሳልሙ። እስከ ፋሲካ ነው ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። በሰሙነ ሕማማት ካህን መስቀል አያሳልምም፣ ጸበል አይረጭም። የቀረን ቅዳሜ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሁሉ መናገር ስችል በትራስና በኩርፊያ ስላሳለፍኩት ራሴን ረገምኩ። አጎቴ ግን የተናደደው በሌላ ነው። ሚስቱ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ለስዕሉ ሌላ ቦታ ስትፈልግ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ።

«ኧረ ተይ» አላት።

«ታዲያ በምዕራብ ልሰቅላት ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት የነፍስ አባቷ መጡ። ከደረስጌ ወገን የመጡ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ሲናገሩ ቃሉን ሁሉ በሙሉ አውጥተው፣ ሳይቸኩሉ ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ በበሩ ክፍተት አዳምጥ ነበር። የአጎቴ ሚስት ነገሩን ስትነግራቸው «ልጅቷ እመቤቴን አልፈልግም አለች» እንዳትል ጸለይኩ። አላለችም፤ «ልጅቷ መጋረጃው ያፍናል አለች» ብቻ አለች።

«ጥሯት።»

ወጥቼ እጅ ነሣሁ። 

«አንቺ ነሽ የተማርሽው?»

«አዎን፣ አባ።»

«ምኑን ነው የሚያፍነው? ንገሪኝ እስቲ።»

ነገርኳቸው። ድምፄ እንደልማዱ መሐል ላይ ጠፋ፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን አላስጠጉም። ድምፄ እስኪመለስ ዝም ብለው ጠበቁ። ተመለሰ። እንዲህ አድርጎ የጠበቀኝ ሰው ብዙ አላውቅም።

«እና በዚያ የጋለ ብረት ላይ ነው እመቤታችንን ያቆማችኋት?» አሉ ወደ አጎቴ ሚስት ዞረው። «የስዕሏ ቀለም ቢላጥስ? ልጄ፣ ይህ ቀድሞ ሊነገረኝ የሚገባ ነበር።»

እሷ ደነገጠች። ይህን አላሰበችውም ነበር፤ እኔም አላሰብኩትም። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ውዳሴ ማርያም ተደገመ፣ ጸበል በቤቱ ተረጨ። ካህኑ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው አጎቴ እግራቸውን ደግፎ፣ ስዕሉን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አወረዱት። ቴሌቪዥኑ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ፤ በእሱ ቦታ ስዕሉ ከነአዲሱ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። አጎቴ መኝታ ቤት ውስጥ ሽቦ ሲስብ ብቻውን የሚያወራው ይሰማ ነበር።

ፍርግርጉ ነጻ ሲሆን መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ብሎኖቹን ፈታሁ፤ ፍርግርጉን ሳነሣው የተቀበለኝ ነገር ቢኖር ጥጥ ነው። ባዘቶ። በዚያ በርጩማ ላይ ዓመታት ሙሉ ሲፈተል የበነነው ጥጥ ሁሉ፣ በመጋረጃው ጠርዝ እየሾለከ ገብቶ፣ በቀጫጭኑ ቱቦዎች ላይ ተጋግሮ፣ አንድ ጋቢ የሚወጣው ምንጣፍ ሠርቷል። በቀለም ብሩሽ፣ ቀጭኖቹን የብረት ቅጠሎች እንዳላጣምም ከላይ ወደ ታች እየጠረግኩ አወረድኩት። ቱቦውን በብሩሽ መጥረግ ፀጉር እንደማበጠር ነው፤ ከቸኮልክ ይጎዳል። የቀረውን በብስክሌት መንፊያ ነፋሁት። ዓይኔና አፍንጫዬ በጥጥ ተሞላ።

«የኔው ነው?» አለች የአጎቴ ሚስት ከታች፣ እጄ ላይ ያለውን እያየች።

«ያንችው ነው፣ እትዬ።»

«አወይ ጉዴ!» አለች፤ ትንሽ ቆይታም፣ «ይፈተላል?» ብላ ጠየቀች።

አፍንጫዬን ይዤ ሳቅሁ። ፍሪጁ መጮህ ከጀመረ ወዲህ የሳቅሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እሑድ የዘንባባ ቀለበት አጥልቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፍሪጁ ዝም ብሎ ነበር። ቀዩ መብራት ጠፍቷል። እጄን ሳስገባ በረደኝ። በደስታ ላለቅስ ደረስኩ፤ ለማን እንደምነግር ፈለግኩ። ዞር ስል የአጎቴ ሚስት ቀድማኝ ለጎረቤቷ እየነገረች ነበር።

«ጸበሉ እንደነካው ወዲያው ቀጥ! ወዲያው እኮ ነው ያልኩሽ!»

ጎረቤቷ እልል አለች።

እኔም አማኝ ነኝ። ጸበል ያድናል፤ ሲያድን አይቻለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ጥፍሬ ሥር ጥጥ ነበረ። የሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ እንኳ ግንባሬ መሬት ሲነካ የማስበው ይህን ነበር፤ ሐሳቤን ስለበከለው ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ሐሙስ ዕለት አጎቴ ከጎንደሩ ቴክኒሻን ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «አዎ፣ አዎ፣ አንተ ከነካካኸው በኋላ ተስተካከለ» ይለዋል። ሰውየው ለፍሪጁ ያደረገው ነገር ቢኖር የፈታውን ክዳን ሳይገጥም መሄዱ ነው። የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ፋሲካ ሆነ፤ በግ ታረደ፤ ፍሪጁ ሥጋ ተሞላ። የሎጁ ባለቤት በሳምንቱ መሐል መጡ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይናቸው አንድ ቦታ የማይቆም ሰው ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ፍሪጁን ከፈቱ፤ እጃቸውን በሥጋው መሐል ሰደዱና፣ «ይሄማ ከሎጁ ይሻላል!» አሉ። «የኛዎቹ ሁለቱም ይጮሃሉ።»

የአጎቴ ሚስት ዶሮ ወጡን እያቀረበች የጸበሉን ነገር ተረከችላቸው። ደስ ብሏቸው ሰሙ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ።

«መቼም ቄስ ወደ ወጥ ቤቴ አላስመጣ። ቴክኒሻኑ ማነው?»

«ከጎንደር አስመጥተን ነበር» አለ አጎቴ። ልማዱ ሆኖ ነው፤ ክፋት የለውም። «ፈጣን ልጅ ነው። እሷም…» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፣ «እሷም ረድታዋለች።»

የእጅ ማስታጠቢያው ውኃ እጄ ላይ ነበር። ጎድጓዳውን ሣሕን ያዝኩ፣ ማንቆርቆሪያውን ያዝኩ፣ እንግዳው እጃቸውን ዘርግተዋል። ውኃ ማፍሰሱን አቆምኩ።

«እሱ አልሠራውም» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ካህኑ እንደጠበቁኝ የሚጠብቀኝ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ድምፄ ሲጠፋ ራሴ ጠበቅኩት።

«መተንፈሻው ታፍኖ ነበር። እሱ ቱቦ ሊቆርጥ ሲል ከለከልኩት። ቢቆርጠው ኖሮ አሁን ይህ ሥጋ ቋንጣ ይሆን ነበር። የሎጁዎቹስ ከላያቸው ላይ ምን አለ?»

«ከላያቸው?» ሰውየው አሰቡ። «ብርድ ልብስ። ሠራተኞቹ እርጥብ ብርድ ልብስ ያሰጡበታል፤ ላዩ ሞቃት ነው ብለው።»

«እንግዲያ እነሱም ታፍነዋል።»

አጎቴ እያየኝ ነበር። ሊናገርልኝ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። ሰውየው ውኃ እንዳፈስላቸው እጃቸውን ነቀነቁ፤ አፈሰስኩ።

«ጥሩ» አሉ እጃቸውን እያሹ። «ነገ ከልጁ ጋር አብራችሁ ኑ። እሱ ይሥራ፣ አንቺ ተቆጣጠሪው።»

ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ዝም ልል ነበር። ብዙ ቀን ስጠብቀው የነበረው ነገር ሊሰጠኝ ነው፤ ግማሹን ግን ለሌላ ሰው ሰጥተው ነው። ውኃው ከማንቆርቆሪያው አለቀ።

«ብቻዬን ነው የምመጣው» አልኩ። «ካልተስተካከለ ያን ጊዜ ይጥሩት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቁጡ ናት እንዴ?» አሉ ለአጎቴ።

«ዛሬ ነው ያየሁት» አለ አጎቴ።

በማግሥቱ ጠዋት በሰውየው መኪና ወደ ሎጁ ሄድኩ። መሣሪያዬን በትከሻ ቦርሳ ይዣለሁ፤ ብሩሽና የብስክሌት መንፊያ ነው አብዛኛው። የሎጁ ወጥ ቤት ኃላፊ ነጭ ሽርጡን እያሰረ ወጣ። ባለቤቱን ሰላም አለ፤ እኔን አለፍ ብሎ ወደ መኪናው ውስጥ አጎንብሶ ተመለከተ።

«ቴክኒሻኑ የታለ?»

ባለቤቱ ስልክ እያወሩ ወደ ጓሮ ዞረው ነበር። የሚመልስልኝ ሰው የለም። እስከዚያች ሰዓት አንዴ ከተናገርኩ ሁለተኛው ይቀላል ብዬ አስብ ነበር። አልቀለለም፤ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «መሰላል ፈልጉልኝ፤ ብርድ ልብሱንም አንሡት።»